ወጌሻና ሐኪም ቢተዋወቁ

«ወገቡን ታጥቆ ተነሣ» ማለት በአገራችን ቋንቋ ለሥራ ቆረጠ ማለት ነው። «ወገቤን ቆረጠኝ» ማለት ደግሞ ኃይሌ አለቀ፤ ተስፋዬ ተሟጠጠ ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን አነጋገር ያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በእጁና በጀርባው ሠርቶ ለሚበላ ሕዝብ ወገብ ማለት ጎተራ ማለት ነው። ገበሬ ገንዘብ ቢያጥረው ይበደራል፤ አንዱ በሬው ቢሞትበት ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ወገቡና ክንዱ የከዱት ዕለት ግን ከማን ይበደራል?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አጥንት፣ ስለ ጅማትና ስለ መገጣጠሚያ ሕክምና፤ ይልቁንም ይህን ሕክምና ለሚሠሩ ሰዎች ሊሰጥ ስለሚገባው ከፍተኛ ትምህርት ነው። እኔ በበኩሌ ሐኪም አይደለሁም። በእንፍራንዝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬም ገና ሃያ አምስት ነው። ይሁን እንጂ ቀን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምሥለውን አጽም፤ ማታ በመንገድ ላይ ውኃ ተሸክሞ ሲያልፍ አየዋለሁ። ተማሪዎቼ የጀርባ አጥንትን ክፍሎች ስም በቃላቸው ይወጡታል፤ ከትምህርት በኋላ ግን ያንኑ የጀርባ አጥንት ምን እንደምናደርገው ማናችንም ስንጠያየቅ አንሰማም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

የእንፍራንዝ ሰውና ሸክሙ

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፤ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ባለው ኮረብታ ላይ የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ ቆሞ ይታያል፤ ይህም ግንብ የ16ኛው መቶ ዘመን ሥራ ስለ ሆነ የጎንደርን ግንቦች በዕድሜ ይቀድማቸዋል። ዐፄ ኢያሱን ለማከም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ በእንፍራንዝ አልፎ ስለ ከተማዪቱ ማማር ጽፏል። እንግዲህ የባሕር ማዶ ሐኪም ከእንፍራንዝ ጋር ከተያየ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ነገር ግን መተያየትና መተዋወቅ አንድ አይደሉም።

የዚህን አገር ሰው ማወቅ የሚፈልግ ሐኪም ሸክሙን ይይ። ገበሬው በክረምት በዋልካው መሬት ላይ በአንድ እጁ እርፍ፤ በሌላ እጁ ጅራፍ ይዞ፤ እግሩ ከጭቃው ሲነቀልና ሲሰምጥ ይውላል። የጤፍ ማሳ አንድ ጊዜ ታርሶ የሚበቃ አይደለም፤ ደጋግሞ መታረስ አለበት። ከዚያ በኋላ አረሙ አለ፤ አጎንብሶ መዋል ነው። አጨዳው አለ፤ እሱም አጎንብሶ መዋል ነው። ሴቲቱ ደግሞ ከጉልቻው አጠገብ ጎንበስ ብላ እንጀራ ትጋግራለች፤ ልጅ በጀርባዋ አዝላ ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትሸከማለች።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቃል። እንግዲያው 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች ልጅ፤ ራሷ 40 ኪሎ ብትመዝን፤ የሰውነቷን እኩሌታ ተሸክማለች ማለት ነው። በገበያ ቀን ኩንታል የሚያወርደው ወዛደር ደግሞ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ 100 ኪሎ በማጅራቱ ላይ ይጭናል። ይህን ሁሉ የማነሣው ለማሳዘን አይደለም። ሕዝባችን በሥራው ይኮራል፤ ሊኮራም ይገባዋል። ነገር ግን ሥራ የሚሠራው አካል ሲጎዳ ወደ ማን ይሄዳል? ብለን ብንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው።

ወጌሻ ማን ነው?

ወጌሻ ማለት የተሰበረን የሚያስር፣ የወለቀን የሚመልስ፣ የዞረን ሥር የሚያሽ የአገር ጠጋኝ ነው። ትምህርቱን ያገኘው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ እጅ ነው። ጦር ሲዘምት ወጌሻም አብሮ ይዘምት እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። መሣሪያው ጣቶቹ ናቸው፤ መድኃኒቱም ቅቤ፤ መደገፊያውም የቀርቀሃ ስንጥርና ጨርቅ ነው።

ሕዝቡ ወጌሻን የሚወድበት ምክንያት ብዙ ነው። ቤቱ ቅርብ ነው፤ ዋጋውም እንደ አቅም ነው። ከሁሉም በላይ ግን ወጌሻ ሰውየውን ያውቀዋል። የማን ልጅ እንደ ሆነ፤ ምን እንደሚያርስ፤ በየትኛው ቀን እንደሚጾም፤ ምን እንደሚያሳፍረው ያውቃል። ሲያሽም ያጫውታል። ታማሚው ሕመሙን እስኪረሳ ድረስ ስለ በሬውና ስለ ዝናቡ ይጠይቀዋል። ይህ ጨዋታ ብቻ አይመስለኝም፤ የሕክምናው እኩሌታ ነው።

ወጌሻ የማያውቀው ነገር መኖሩም የታወቀ ነው። በቆዳ ሥር ያለውን አጥንት በጣቱ ይዳስሳል እንጂ በራጅ አያይም። ከሁሉም የሚከፋው ማሰሪያው ሲጠብቅ የሚመጣው ጉዳት ነው። የተሰበረ ክንድ ወይም እግር ያብጣል፤ ቀርቀሃው ግን አብሮ አይሰፋም። ስለዚህ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል፤ ጡንቻው ጥቂት ሰዓታት ያለ ደም ከቆየ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁረጥ ነው። በስብራቱ ብቻ ቢሆን ይድን የነበረ እጅ፤ በማሰሪያው ምክንያት ይጠፋል።

የአጎቴ ክንድ

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር አጎቴ ሲያርስ ዋልካው አንሸራትቶት በእጁ ላይ ወደቀ፤ የቀኝ ክንዱም ተሰበረ። የዚያኑ ዕለት ማታ የመንደሩ ወጌሻ አሰረለት። በማግሥቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ እኔ ለመጠየቅ ስሄድ አጎቴ ሌሊቱን እንዳልተኛ ከፊቱ ላይ ታወቀኝ። ጣቶቹ አብጠዋል፤ ይቀዘቅዛሉ። ጥፍሩን ተጭኜ ብለቀው ነጭ እንደ ሆነ ቀረ፤ ደሙ ቶሎ አልተመለሰም። ጣቶቹንም በቀስታ ስዘረጋቸው ከሕመሙ ብዛት ጮኸ።

ወጌሻውን አስጠራሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ የሚያልፍ የተከበሩ ሰው ናቸው።

«አባቴ፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፤ ማሰሪያው ላላ ቢል ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፤ አጥንት እኮ የላላ ማሰሪያ አይወድም» አሉኝ።

«እውነትዎን ነው፤ አጥንቱ አይወድም። ደሙ ግን መንገድ ይፈልጋል።»

ዝም ብለው የአጎቴን ጣቶች በመዳፋቸው ውስጥ አድርገው ቆዩ። ከዚያም የግራውን እጅ ጣቶች ያዙና አስተያዩ። ምንም ሳይናገሩ ራሳቸው ፈቱት። ወደ ሕክምናም ስንሄድ «እኔ ያሰርኩት ነው፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉን።

የደረስንበትን የሕክምና ቦታ ስም አልጠራም፤ ስሙ ለነገሩ አይጠቅምምና። አንድ ወጣት ባለሙያ አጎቴን እንዳየው፤ መቼ ወደቅህ? ሳይል፤ የት ያምሃል? ሳይል፤ «እዚያ ማይም ዘንድ ለምን ሄድክ?» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸበት። አጎቴ ሦስት ልጆች ያሳደገ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። እንደ ልጅ «አንተ» ተብሎ ሲገሠጽ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። ወጌሻውም በሩ ዘንድ ቆመው ይሰሙ ነበር። እኒያ ማሰሪያውን በገዛ እጃቸው ፈትተው ክንዱን ያተረፉ ሽማግሌ፤ ምንም ቃል ሳይመልሱ ወጥተው ከግንቡ ሥር ተቀመጡ።

ጀሶው ሳይቆይ ተደረገለት፤ አጥንቱም በደንብ ገጠመ። በዚህ በኩል ሥራው የሚመሰገን ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጀሶው ሲፈታ ግን እጁ እንደ ደረቀ እንጨት ሆኖ አልታጠፍ አለ። «የላስቲክ ኳስ ጨምቅ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ እየመጣህ ታይ» ተባለ። ኳሱም አልነበረም፤ የመኪናው ኪራይም አልነበረም፤ የመጀመሪያው ቀን ሃፍረት ግን ገና ነበረ። አጎቴ «ዳግመኛ እዚያ አልመለስም» አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ነገር ግን በሽታውን የሚያስደብቀው ማን ነው? ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

በዚያ ዓመት አጎቴ መሬቱን ለእኩል ሰጠ፤ ከምርቱም ግማሹ ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ገባ። ዘጠነኛ ክፍል የነበረችው ልጁ ትምህርቷን ትታ ወደ ከተማ ለሥራ ትሂድ የሚል ምክር በቤቱ ተጀመረ። እንግዲህ አንድ አንጓ አልታጠፍ በማለቱ የአንዲት ልጅ ትምህርት ሊቋረጥ ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ ለምኜ ወደ ጎንደር ወሰድኩት። ያገኘችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወጣት ናት። ብድግ ብላ «አባቴ፤ ይቀመጡ» አለችው። ከዚያም ክንዱን ከመንካቷ በፊት «ሥራዎ ምንድን ነው? እርፉን የሚይዙት በየትኛው እጅዎ ነው?» ብላ ጠየቀችው። አጎቴ ቀና አለ። ኳስ አላዘዘችለትም። በቤት ያለውን አንድ የእርፍ ውፍረት ያለው ዱላ በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲይዝ፤ እጁ እየታጠፈ ሲሄድ ጨርቁን በየሳምንቱ እያሳነሰ እንዲሄድ አሳየችው። እርጥብ ጨርቅ እንዲጠመዝዝ፤ ጣሳ ይዞ መዳፉን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያገላብጥ ነገረችው። ይህንንም ጧትና ማታ ከጸሎቱ በኋላ እንዲያደርግ፤ ወጌሻውም በቅቤ ቀስ አድርገው ቢያሹት እንደማይከፋ፤ ነገር ግን እንዳይጎትቱት አስጠነቀቀችው። አጎቴ በታኅሣሥ ማጭድ ያዘ፤ በየካቲት እርፍ ጨበጠ። ልጁም ዛሬ አሥረኛ ክፍል ናት።

አንባቢዎቼ፤ ሁለቱም ባለሙያዎች የተማሩ ናቸው። አጥንቱን የገጠመው የመጀመሪያው ነው። ሰውየውን ወደ ሥራው የመለሰችው ግን ሁለተኛዪቱ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግነት ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ትምህርትም ነው። ይህን ዓይነት ትምህርት ደግሞ ሌሎች አገሮች ስም ሰጥተው ያስተምሩታል።

ሦስት ትምህርቶች

የመጀመሪያው ኦስቲዮፓቲ የሚባለው የእጅ ሕክምና ነው። መሥራቹ አንድሩ ቴይለር ስቲል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበረ። በፈረንጆች በ1864 ሦስት ልጆቹ በማጅራት ገትር ሞቱበት፤ የዘመኑም መድኃኒት ምንም ሊረዳው አልቻለም። ከዚያ ኀዘን በኋላ ሕክምናን እንደገና ከአጥንትና ከጡንቻ ጀምሮ ሊያስብ ተነሣ። በ1874 ሐሳቡን ገለጸ፤ በ1892ም በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ የዚህ ትምህርት ምሩቃን ሙሉ ሐኪሞች ናቸው፤ በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ሥራቸው በእጅ መዳሰስ፣ ማሸትና መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ይመስላል እንጂ አይደለም። የወጌሻ ሥራ የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ በትምህርቱ ርዝመትና በጥንቃቄው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው መመዘኛ መሠረት፤ የሕክምና ትምህርት የሌለው ሰው ኦስቲዮፓቲን ለመማር 4200 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 1000 ሰዓት በአስተማሪ ፊት ሕሙማንን እያየ የሚሠራበት ነው። የትምህርቱም ትልቅ ክፍል መቼ እጅን መዘርጋት፤ መቼስ እጅን መሰብሰብ እንደሚገባ ማወቅ ነው። የእጅ ሕክምና የወገብን ሕመም ሊያስታግስ ይችላል፤ የአጥንት ነቀርሳን ወይም ሳንባ ነቀርሳ የገባበትን አከርካሪ ግን አያድንም። ይህን የማይለይ እጅ፤ ወጌሻም ይሁን ዲግሪ ያለው፤ አደገኛ እጅ ነው።

ሁለተኛው ኤርጎኖሚክስ ይባላል። ቃሉን በ1857 ያወጣው ቮይቼክ ያስትርዜምቦቭስኪ የተባለ የፖላንድ ሊቅ ሲሆን፤ ከግሪክ ቋንቋ የሥራ ሕግ እንደ ማለት ነው። ፍሬ ነገሩ ሥራን ለሰው ማስማማት እንጂ ሰውን ለሥራ ማጣመም አይገባም የሚል ነው። ከእሱም አስቀድሞ ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፤ ሐኪም ሕመምተኛውን ከሚጠይቀው ጥያቄ ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምር መክሯል። ይህች አጭር ጥያቄ 300 ዓመት አልፏት ገና በየሕክምና ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የወገብ ሕመም ግን አይጠብቅም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት፤ ከበሽታዎች ሁሉ ይበልጥ ሰውን ከሥራ የሚያሰናክለውም ይኸው ነው።

ኤርጎኖሚክስ ሲባል ብዙ ሰው የቢሮ ወንበር ይመስለዋል። በእንፍራንዝ ግን ወንበሩ ጉልቻ ነው፤ ጠረጴዛውም ማሳ ነው። ምጣዱን በጭቃ በተሠራ ከፍ ያለ ምድጃ ላይ ማውጣት፤ አንዱን ትልቅ ጀሪካን በሁለት ትናንሽ ከፍሎ መያዝ፤ ሸክምን ከመሬት ሲያነሡ ወገብን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ፤ ሸክሙንም ወደ ሰውነት ማስጠጋት፤ ይህ ሁሉ ኤርጎኖሚክስ ነው። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ አስተዋይ ዐይን ግን ይፈልጋል።

ሦስተኛው ባህልን ያከበረና ሰውን የማያሳፍር ሕክምና ነው። ይህ ትምህርት የተወለደው በኒው ዚላንድ ነው። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ማኦሪዎች ከሕክምና ቤት ሲሸሹ ሌላው ሰው «አላዋቂዎች ስለ ሆኑ ነው» ይል ነበር። ኢሪሃፔቲ ራምስደን የተባለች ማኦሪ ነርስ ግን ጥያቄውን ገለበጠችው። ሰውየው ለምን ሸሸ? ከማለት ይልቅ ሕክምናው ምን አድርጎ አሸሸው? አለች። በ1992 የአገሩ የነርሶች ምክር ቤት ይህን ትምህርት በነርሶች ሥልጠና ውስጥ አስገባው። የትምህርቱም ዋና ነጥብ፤ ሕክምናው ክብርን የጠበቀ መሆኑን የሚፈርደው ሐኪሙ ሳይሆን ታካሚው ነው የሚል ነው።

በእኛም አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማየት አያስቸግርም። ጉልበቱን የሚያመውን ቄስ «ቅዳሴ ላይ አትቁም፤ አትስገድ» ብሎ መስደድ ቀላል ነው፤ ቄሱ ግን ይሰግዳል፤ ሁለተኛም አይመለስም። በመቋሚያው እንዴት ተደግፎ እንደሚቆም፤ ሲሰግድ በየትኛው ጉልበቱ እንደሚጀምርና በየትኛው እንደሚነሣ ማሳየት ግን ሕክምና ነው። ለሙስሊሙ ወንድማችንም በሶላት ጊዜ እንደዚሁ ነው። ሴት ታካሚ ከማን ፊት ልብሷን እንደምታላላ፤ በጾም ወራት መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጀሶው እንዳይርስ ምን እንደሚደረግ፤ ይህ ሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ለሽማግሌ «እርስዎ» ማለትም ከመድኃኒቱ ይቆጠራል።

ጎንደር ይህን ትችላለች

እንግዲህ እነዚህን ሦስት ትምህርቶች አንድ አድርጎ፤ መጀመሪያ ዲግሪያቸውን ለጨረሱ የጤና ባለሙያዎች የሚያስተምር የድኅረ ምረቃ ሥልጠና የሚገባው የት ነው? ብትሉኝ፤ በጎንደር ነው እላለሁ። ይህንም የምለው በአገር ወገኝነት አይደለም።

በጎንደር የጤና ኮሌጅና የማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር፤ ኮሌጁም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። ሐኪሙን ወደ ሕዝቡ መስደድ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም፤ የተወለደችበት ሙያ ነው። ዛሬ ያ ኮሌጅ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል፤ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ የተሐድሶ ሥራም አለው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፤ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት፤ ለ10 ዓመት የታቀደ የትብብር ሥራ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ከትብብሩም ዓላማዎች አንዱ ሰውን ወደ ዕለት ሥራው የሚመልሰውን ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን ትምህርት በአገራችን መትከል ነው። ስለዚህ መሠረቱ ተጥሏል።

የእኔ አሳብ በዚህ መሠረት ላይ አንድ ድንጋይ መጨመር ነው። ሠልጣኙ ዓመቱን ሁሉ በአዳራሽ አይቀመጥ። አንድ የእርሻ ወቅት እንደ እንፍራንዝ ባለ ቦታ ይቆይ፤ እርፍ ይያዝ፤ ጀሪካን ያንሣ፤ ከጉልቻ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ጭሱን ይቅመስ። ከወጌሻም ጋር ይቀመጥ። ወጌሻው ስለ ማሰሪያና ስለ ደም መንገድ ከሠልጣኙ ይማር፤ ሠልጣኙም ሰውን እንዴት እንደሚያነጋግርና በጣት እንዴት እንደሚዳስስ ከወጌሻው ይማር። ፈተናውንም ሲፈተን ከፈታኞቹ አንዱ ታካሚው ይሁን።

«ወጌሻን ማክበር ድንቁርናን ማክበር ነው» የሚሉ የተማሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ክንዳቸው የተቆረጠ ሕፃናትን ያየ ሐኪም በወጌሻ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁጣው ማሰሪያውን አላላላም። ትምህርት ግን አላልቷል። ዶክተር መኮንን እሸቴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ2005 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፤ ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ብቻ ከተሰጠ በኋላ፤ በማሰሪያ ጥብቀት ደም አጥቶ የሚቆረጠው እጅና እግር ቁጥር ቀነሰ። አንድ ቀን ይህን ካደረገ፤ አንድ ወቅት ምን አያደርግ? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፤ ወጌሻውን አርቆ ሳይሆን አቅርቦ ማስተማር ይሻላል።

ሌሎችም «ገና ስንት የሚያስቸግር በሽታ እያለ የወገብ ሕመም ምን ቅንጦት ነው?» ይሉ ይሆናል። ለእነሱ የምመልሰው፤ ወገብ ለገበሬና ለወዛደር ቅንጦት አይደለም የሚል ነው። ከሞት የተረፈ ሰው መሥራት ካልቻለ ቤቱ በሌላ መንገድ ይራባል። ሕይወትን ማትረፍ የሕክምና መጀመሪያ ነው፤ መጨረሻው ግን ሰውን ወደ ማሳው፣ ወደ ጉልቻውና ወደ ጸሎቱ መመለስ ነው።

ይህ ሥልጠና እስኪቋቋም ድረስ አንባቢዎቼ ከዚህ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። ከቤታችሁ ሰው እጁ ወይም እግሩ ቢታሰር፤ በቀርቀሃም ይሁን በጀሶ፤ ጣቶቹን ደጋግማችሁ ተመልከቱ። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፤ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፤ ከደነዘዙ፤ ሲዘረጓቸው እጅግ ካመሙ፤ ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀዩ ቶሎ ካልተመለሰ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ። የወጌሻው ማሰሪያ ከሆነ ፈጥኖ ይላላ፤ ጀሶ ከሆነም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ለወጣት ሐኪሞችና ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ። ከእኔ የበለጠ ተምራችኋል፤ ሥራችሁም እጅግ የከበደ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ነገ ከገጠር የመጣ አንድ ሽማግሌ ቀርቀሃ የታሰረ ክንዱን ታቅፎ በራችሁ ላይ ሲቆም፤ አስቀድማችሁ «አባቴ፤ ይቀመጡ፤ ሥራዎ ምንድን ነው?» በሉት። አስሮ ያመጣው ወጌሻ ከበሩ ውጭ ቆሞ እንደ ሆነም፤ እሱንም ግባ በሉት፤ ለሚቀጥለው ታካሚ እንዴት ማሰር እንደሚሻል ለማስተማር ከዚያች ሰዓት የተሻለ ሰዓት አታገኙም።